ክር የሌለው ስፌት

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች የሚመጡትም ዓመታት እንዲሁ። አንድ ቀዶ ሐኪም በአሜሪካዋ የሂዩስተን ከተማ ወደሚገኝ ትልቅ መደብር ጎራ ብለው ናይለን ጨርቅ ጠየቁ። አልቋል ተባሉ። ይልቅ ዳክሮን የሚሉት አዲስ ጨርቅ ገብቷል አሏቸው። ሐኪሙ ጨርቁን አዩት፣ ወደዱት፣ ገዝተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በባለቤታቸው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ሁለት ቁራጭ ደራርበው ዳርና ዳሩን ሰፉና ቱቦ አወጡ። ቱቦው የታሰበው ለሰው ገላ ነበር፤ ከላይ የሚለበስ ግን አይደለም። ከውስጥ ገብቶ ደም የሚያልፍበት ነው።

ሐኪሙ ማይክል ደቤኪ ናቸው። ወላጆቻቸው ከሊባኖስ ተሰደው ሉዊዚያና የከተሙ ሰዎች ሲሆኑ፣ ልጃቸውን ልብስ መስፋት ያስተማሩት እናቲቱ ነበሩ። ስለ ሆድ አኦርታ ሕክምና ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ከዓይኔ ያልጠፋው ይህ ነው፤ ከእናቱ መርፌ መያዝ የተማረ ልጅ አድጎ ያንኑ ሙያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይዞት ሲገባ። ዳክሮን ዛሬም አለ። ፖሊስተር ነው፤ ሸሚዝና መጋረጃ የሚሠራበት ዓይነት። 70 ዓመት ሙሉ ጨርቁ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ወደ ሰው ሆድ የሚገባበት በር ነው፤ ከዚያም በላይ፣ እዚያ ደርሶ የሚያዝበት መንገድ።

ዝም ያለ እባጭ

አኦርታ ከልብ የሚነሣው ዋናው ደም ቅዳ ነው። ከልብ እንደወጣ እንደ ከዘራ እጀታ ይቆለመምና አከርካሪን ተደግፎ በደረት በኩል ይወርዳል። ሆድ ውስጥ ለጉበት፣ ለአንጀት፣ ለሁለቱ ኩላሊቶች እያደለ አልፎ እምብርት አካባቢ ሲደርስ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለቀኝ እግር፣ አንዱ ለግራ። ከኩላሊቶቹ በታች፣ ከባላው በላይ ያለችው ቁራጭ አጭር ናት። ጤነኛ ስትሆን ስፋቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች፣ በተለይ ሲጋራ ሲያጨሱ በኖሩ ወንዶች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ የምትለጠጠው ይህችው ቁራጭ ናት። 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰች ሐኪሞች አኑሪዝም ይሏታል።

ብስክሌት የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የጎማው አንድ ጎን ሲሳሳ ካላማዳሪው በዚያ በኩል አብጦ ይወጣል። አየሩ ያው ነው፤ የደከመው ግድግዳው ነው። ለልጅ ፊኛ የነፋም ያውቃል፤ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፣ አንዴ ማበጥ ከጀመረ በኋላ በቀላሉ ይነፋል። ደም ቅዳም በሰፋ ቁጥር፣ የደም ግፊቱ ሳይጨምር፣ ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት ይጨምራል። ውጥረቱ ያሰፋዋል፣ መስፋቱ ደግሞ ውጥረቱን ያባብሰዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሴንቲ ሜትር የሚቆጥሩት። በወንዶች 5.5 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ መከታተል፣ ከዚያ ካለፈ መጠገን፤ በሴቶች ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ። ከዚያ በታች ላሉት ተጣድፎ መቁረጥ ዕድሜ እንደማይጨምር በብሪታንያም በአሜሪካም በተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል።

የሚያስፈራው ዝምታው ነው። አያምም፣ አያተኩስም፣ ምግብ አይከለክልም። አብዛኛው ሰው መኖሩን የሚያውቀው ለኩላሊት ጠጠር ወይም ለፕሮስቴት አልትራሳውንድ ሲነሣ በአጋጣሚ ነው። ከፈነዳ ግን ወገብንና ሆድን ሰንጥቆ የሚገባ ሕመም ይመጣል፤ ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ይወድቃል። ከ10 ሰዎች 8ቱ ገደማ አይተርፉም፤ ብዙዎቹ የሆስፒታል በር ሳይደርሱ ያልፋሉ።

ከሴሎፋን ወደ ጨርቅ

በ1948 መጨረሻ፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ የአልበርት አይንስታይን ሆድ ተከፈተ። ቀዶ ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን ያገኙት ያበጠ አኦርታ ነበር። ቆርጦ በሌላ መተካት ገና አልተጀመረም፤ ስለዚህ በዘመኑ የሚቻለውን አደረጉ። እባጩን በሴሎፋን ጠቀለሉት፤ ከረሜላ የሚጠቀለልበት በመሰለ ቀጭን ላስቲክ። ሐሳቡ፣ ሰውነት በባዕድ ነገር ተቆጥቶ ጠባሳ ያበቅላል፣ ጠባሳው ግድግዳውን ያጠነክረዋል የሚል ነበር። አይንስታይን ከዚያ በኋላ ከ6 ዓመት በላይ ኖሩ። በሚያዝያ 1955 ግን እባጩ ተቀደደ። በዚያን ጊዜ መተካት የሚባለው ቀዶ ሕክምና መጥቶ ነበር፤ ሐኪሞችም አቀረቡላቸው። አልፈልግም አሉ። በ76 ዓመታቸው በፕሪንስተን ሆስፒታል አረፉ።

የመተካትን በር በ1951 የከፈቱት ፓሪስ ላይ ሻርል ዱቦስት ናቸው። እባጩን ቆርጠው አወጡና በቦታው ከሞተ ሰው የተወሰደ አኦርታ ሰፉ። ግን የሞተ ሰው አኦርታ በተፈለገ ጊዜ አይገኝም፣ ቢገኝም ከጊዜ ብዛት ይበላሻል። የደቤኪ የስፌት መኪና ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቅ ሁልጊዜ አለ፣ አይበሰብስም፣ በተፈለገው ልክ ይቆረጣል። (ደቤኪ ራሳቸው በ97 ዓመታቸው የደረት አኦርታቸው ተሰንጥቆ፣ በ2006 እሳቸው ለዓለም ባስተማሩት ቀዶ ሕክምና የዳክሮን ቱቦ ገባላቸው። ከዚያም 2 ዓመት ኖረው 100 ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር አረፉ።)

ይህ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ይሠራል፣ ጥሩ ሕክምናም ነው። ግን ከባድ ነው። ሆድ ከደረት አጥንት ሥር ጀምሮ ከእምብርት በታች ድረስ ይከፈታል። አንጀት ወደ ጎን ይገፋል። አኦርታው ከላይና ከታች በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ወደ እግር የሚሄደው ደም ይቆማል። እባጩ ተሰንጥቆ የረጋው ደም ይጠረጋል፣ ቱቦው በእጅ፣ በመርፌና በክር፣ ዙሪያውን ይሰፋል። ከዚያ መቆንጠጫው ይለቀቃል። በዚያች ቅጽበት ልብ ሸክሙን እንዴት እንደምትቀበለው የሚያውቅ የለም። ሳንባው የደከመ፣ ልቡ አንዴ የታመመ ሰው ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። በሽታው ደግሞ የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ የዕድሜ ልክ አጫሽ፣ 70 ያለፈው።

ካርኪቭና ቦነስ አይረስ

ደም ቅዳን ከውስጥ መጠገን አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው አስጨንቋል። በ1987፣ በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በዩክሬኗ ካርኪቭ ከተማ፣ ኒኮላይ ቮሎዶስ የተባሉ ቀዶ ሐኪም በአደጋ ለተጎዳ የደረት አኦርታ፣ ደረት ሳይከፍቱ፣ የብረት ስፕሪንግ የተገጠመለት የጨርቅ ቱቦ በሌላ ደም ቅዳ በኩል አስገቡ። የጻፉት በሩሲያኛ ነበር። ዓለም ለሁለት የተከፈለችበት ዘመን ስለነበረ ምዕራቡ አላነበበላቸውም። ቀዳሚነታቸው በሰፊው የተነገረላቸው ዘግይቶ፣ ካረጁ በኋላ ነው። በራሱ ቋንቋ ሠርቶ ሳይሰማ የቀረ ሰው ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለምና ስማቸውን ሳልጠራ ማለፍ አልፈለግሁም።

ዓለም የሰማው ቦነስ አይረስን ነው። አርጀንቲናዊው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ሁዋን ፓሮዲ ሐሳቡ የመጣላቸው በ1976፣ በአሜሪካ ክሊቭላንድ በሥልጠና ላይ ሳሉ ነው። ዓመታትን በውሾች ላይ በሙከራ አሳለፉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር። ቱቦውን በእግር ደም ቅዳ በኩል ወደ ላይ ማድረስ ይቻላል እንበል፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ማን ይሰፋዋል? እጅ አይደርስ፣ መርፌ አይደርስ። መልሱ ከሌላ አርጀንቲናዊ መጣ። ሁሊዮ ፓልማዝ በቴክሳስ ሲሠሩ ስቴንት የሚባለውን፣ በፊኛ ተነፍቶ የጠበበ ደም ቅዳን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ወንፊት ሠርተው ነበር። ፓሮዲ በዚያ ወንፊት ውስጥ ሌላ ነገር አዩ፤ የጠበበን መክፈቻ ሳይሆን ችካል። ወንፊቱ በጨርቁ አፍ ላይ ሆኖ ሲነፋ ጨርቁን ከደም ቅዳው ግድግዳ ጋር ይለጥፈዋል። የመርፌና የክርን ሥራ የብረት ግፊት ይሠራዋል ማለት ነው።

ከመሐንዲሱ ኤክቶር ባሮኔ ጋር መሣሪያውን አዘጋጅተው፣ መስከረም 7 ቀን 1990 የመጀመሪያውን ታካሚ በዚህ መንገድ ጠገኑ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን 1982 ነው፤ ለእንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው። በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱ ስለ አምስት ሕሙማን ጻፉ። ያን ጊዜ ቱቦው ቀጥ ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የታሰረውም ከላይ ብቻ ነው። ደም ከታች ዞሮ ወደ እባጩ ሊመለስ እንደሚችል ሲታይ ከታችም ማሰር ግድ ሆነ። በኅዳር 1992 ፓሮዲ ኒው ዮርክ ሄደው ከፍራንክ ቪዝና ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያውን ሠሩ። በ1999 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያዎቹን ለገበያ ፈቀደ። ዛሬ በዚያ አገር አብዛኛው የሆድ አኦርታ ጥገና ሆድ ሳይከፈት የሚሠራ ነው።

ልክ መውሰድ

አንድ አባት እናስብ። ለንደን የሚኖሩ፣ 72 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ ወጣት ሳሉ ሲጋራ የጀመሩና 60 ሲሞላቸው ያቆሙ። ጋሼ እንበላቸው። የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚያልፉበት መንገድ ግን በየቀኑ ሰው የሚሄድበት ነው።

በእንግሊዝ አገር ወንዶች 65 በሚሞላቸው ዓመት የአኦርታ ምርመራ ጥሪ በፖስታ ይደርሳቸዋል። ጋሼ ፖስታውን ሳይከፍቱ ከመብራትና ከውሃ ሒሳብ ጋር አስቀመጡት። ከፍታ ያነበበችው ልጃቸው ናት። ምርመራው ከ10 ደቂቃ የማያልፍ አልትራሳውንድ ነው፤ ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት፣ ከዚያ አንድ ቁጥር። የጋሼ ቁጥር 4.1 ሆነ። በየዓመቱ ይመጡ ጀመር፤ 4.5 ሲያልፍ በየሦስት ወሩ። ዘንድሮ 5.6 ደረሰ። ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪሞቹ ተመካክረው በብሽሽት በኩል ይሠራ አሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ሥራ የልብስ ሰፊ ሥራ ነው፤ ልክ መውሰድ። የሲቲ ስካን ምስሉ በኮምፒውተር ላይ ተዘርግቶ አኦርታው በሚሊ ሜትር ይለካል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በአንገቱ ነው። አንገት የሚሉት ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች፣ እባጩ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ጤነኛ ቁራጭ ነው። ጨርቁ የሚይዘው እዚያ ነውና ቢያንስ 10 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሊኖራት ይገባል። ስፋቷ ይለካል፣ ጥምዝነቷ ይታያል። ወደ እግር የሚወርዱት ደም ቅዳዎች መሣሪያውን ያሳልፉ እንደሆነ ይጠናል። ከዚያ ጨርቁ ይመረጣል፤ ጠብቆ እንዲይዝ ከአንገቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሰፋ ብሎ።

የዘመኑ መሣሪያ ቅርጹ ሱሪ ነው። ወገብ አለው፣ ሁለት እግር አለው፤ ግን አንዱ እግር ረጅም፣ አንዱ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ። ወገቡ ከኩላሊቶቹ በታች ይታሰራል፣ እግሮቹ ባላው ላይ ለሁለት ተከፍለው ይወርዳሉ። ጨርቁ ፖሊስተር ወይም ቴፍሎን መሰል ስስ ነገር ነው፤ አጥንቱ ደግሞ የብረት ሽቦ። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ሽቦው ኒቲኖል ነው። ይህ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ የታወቀው በአሜሪካ የባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሆን፣ ስሙም የሁለቱ ብረቶችና የዚያው ቤተ ሙከራ ስም ምሕፃር ነው። ጠባዩ ግሩም ነው፤ ብታጨማድደው፣ በሽፋን ውስጥ ጠቅልለህ ብታስረው እንኳ፣ ስትለቀው ወደ ተሠራበት ቅርጽ ይመለሳል። ያ ሱሪ እንዲህ ተጠቅልሎ እርሳስ በሚያክል ቱቦ ውስጥ ይገባል።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዘዋል፤ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ። ሐኪሞቹ የእርሳስ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ራጁ ከላያቸው ተደግኗል። በሁለቱም ብሽሽት በአልትራሳውንድ እየታየ መርፌ ገባ፣ በመርፌው ውስጥ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ። አንድም የቢላ መስመር ከጣት ጥፍር አይረዝምም። መሣሪያው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ላይ ወጣ። በራጅ የሚታየው ፈሳሽ ሲረጭ ማያ ገጹ ላይ ኩላሊቶቹን የሚመግቡት ሁለት ቅርንጫፎች ለሰከንድ ያህል ጠቆሩ፤ ጋሼ ትንፋሽ ያዙ ተባሉ። የሱሪው ወገብ ከእነዚያ ቅርንጫፎች ሥር፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሳያልፍ መቀመጥ አለበት። ከፍ ካለ ኩላሊት ይዘጋል፣ ዝቅ ካለ የሚይዘው ግድግዳ ያንሰዋል። ሽፋኑ በቀስታ ወደ ኋላ ተሳበ። ሽቦዎቹ እንደ አደይ አበባ ቀስ ብለው ተከፈቱ፣ ጥቃቅን መንጠቆዎች ግድግዳውን ያዙ።

በጣም የሚያስቸግረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተቆረጠው የሱሪ እግር እባጩ ውስጥ ተንጠልጥሏል። በሌላኛው ብሽሽት በኩል የመጣች ቀጭን ሽቦ ከታች ተነሥታ ያንን አፍ አግኝታ መግባት አለባት። ሐኪሙ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ እጁ ሩቅ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት የሞከረ ሰው ይገባዋል። አንዳንዴ በአንድ ደቂቃ ይሆናል፤ አንዳንዴ ሰዓት ይፈጃል። ሽቦዋ ከገባች በኋላ ሁለተኛው እግር በላይዋ ሄዶ ከመጀመሪያው ጋር ተጋጠመ፣ ፊኛ በየመጋጠሚያው ተነፍቶ ጨርቁን አለሰለሰው፣ ፈሳሹ እንደገና ተረጨ። ደሙ በጨርቁ ውስጥ ብቻ ሲያልፍ ታየ። በብሽሽቱ ያሉት ቀዳዳዎች አስቀድሞ በተቀመጠ ስፌት ተዘጉ። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ገደማ ወሰደ። ጋሼ ማታውኑ ሻይ ጠጡ፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ናቸው።

እባጩ ግን የትም አልሄደም። አልተቆረጠም፣ አልወጣም። ደሙ በጨርቁ ውስጥ ስለሚያልፍ ግፊት ቀረበት እንጂ እዚያው ነው። ውስጡ የቀረው ደም ይረጋል፤ ነገሩ ከሰመረ እባጩ በወራትና በዓመታት ውስጥ ይሟሽሻል።

የሚከፈለው

የተሰፋ ነገርና የተያዘ ነገር አንድ አይደሉም። በእጅ የተሰፋ ቱቦ ከሰውነት ጋር ይዋሐዳል፤ የተያዘው ግን ዕድሜ ልኩን የሚኖረው በመንጠቆና በግፊት ነው። የዚህ ሕክምና ትልቁ እውነት ይህ ይመስለኛል፤ በማስታወቂያ ወረቀቶች ላይ የሚያንሰውም ይኸው ነው።

ደም ከጨርቁ ውጭ ወደ እባጩ ሲገባ ኢንዶሊክ ይባላል። ከላይ ወይም ከታች ጫፉ ላልቶ የሚገባ ከሆነ አስቸኳይ ነው፤ የልብ ሙሉ ግፊት አለበት። ከሱሪው መጋጠሚያዎች መካከል ከሆነም እንዲሁ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግን ከአከርካሪ አጠገብ ያሉ ትንንሽ ደም ቅዳዎች ወደ ኋላ ተመልሰው እባጩ ውስጥ የሚያፈሱት ነው፤ ይህን እባጩ እስካላደገ ድረስ በዝምታ መከታተል ይበቃል። አንገቱ ከዓመታት በኋላ ሊሰፋ፣ ሱሪው ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ታካሚው በየዓመቱ ለምስል ይመለሳል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት አይደለም፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ነው።

ይህን በቁጥር ያሳየው በብሪታንያ የተደረገው ኢቫር 1 የተባለ ጥናት ነው። ከ1999 እስከ 2004 ድረስ 1,252 ሰዎች በዕጣ ለሁለቱ ሕክምናዎች ተመደቡ። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ በብሽሽት በኩል ከተሠራላቸው የሞቱት 1.8 በመቶ፣ ሆዳቸው ከተከፈተው ደግሞ 4.3 በመቶ ነበሩ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ጥናቱ ግን አልቆመም፤ ሕሙማኑን ለ15 ዓመት ተከታተሏቸው። በ2016 የታተመው ውጤት ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ብልጫው ከጊዜ ጋር ጠፍቷል፤ ከ8 ዓመት በኋላ እንዲያውም ቀድሞ የተሻለው ወገን ባሰበት። ዋናው ምክንያት የተጠገነው እባጭ ዘግይቶ መፈንዳቱ ነበር። በአሜሪካ በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2018 ያቀረበው ረቂቅ፣ ላልፈነዳ አኑሪዝም ይህ አሠራር እንዲቀር የሚል ነበር። የደም ሥር ሐኪሞች ተነሡ፤ ጥናቶቹ በቀድሞ መሣሪያዎች የተሠሩ ናቸው፣ የዛሬው የተሻለ ነው፣ ሆዱ መከፈት የማይችለውን ሰውስ ምን እናድርገው አሉ። በ2020 የወጣው የመጨረሻው መመሪያ ለዘብ አለ፤ አቅም ላለው ሰው ሆድ ከፍቶ መስፋት ይቅደም፣ ለማይችለው በብሽሽት ይታሰብ። የእኔ ፍርድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። 58 ዓመቱ ለሆነ፣ ልቡና ሳንባው ደህና ለሆነ ሰው የአንድ ወር ሥቃይ ከፍሎ የሠላሳ ዓመት ሰላም መግዛት ያዋጣል። ለጋሼ ግን ያ ትልቁ ቀዶ ሕክምና ራሱ ሞት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

መሣሪያዎቹ ራሳቸውም ንጹሕ ታሪክ የላቸውም። በ1999 ከተፈቀዱት አንዱን፣ አንኪዩር የተባለውን የሠራው ኩባንያ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የመሣሪያ ብልሽቶችን ከመንግሥት ተቆጣጣሪው ደብቆ ነበር። በ2003 በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ 92.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። መሣሪያውም ከገበያ ወጣ። ሰው ሆድ ውስጥ የሚቀር ነገር የሚሠራ ሁሉ ይህን ሊያስታውሰው ይገባል።

በሌላ በኩል ብልሃቱ እየገፋ ነው። አንገታቸው አጭር የሆኑ ሰዎች ቀድሞ ዕድል አልነበራቸውም፤ ጨርቁ ከፍ ቢል ኩላሊታቸውን ይዘጋል። በአውስትራሊያዋ ፐርዝ የሚሠሩ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ጨርቁ ላይ ልክ እንደ አዝራር ቀዳዳ ያሉ መስኮቶችን መክፈት ጀመሩ፤ በየመስኮቱ ትንሽ ስቴንት ገብታ ከኩላሊቱ ቅርንጫፍ ጋር ታገናኛለች። ለእያንዳንዱ ታካሚ በልኩ የሚሰፋ ልብስ ነው፤ ተዘጋጅቶ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። እባጩ ለፈነዳበት ሰውም ቢሆን በብሽሽት በኩል መሥራት ዛሬ የተለመደ ነው፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ከተሠራላቸው መካከል የሞቱት ያነሱ እንደነበሩ ታይቷል።

ጥሪው

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከአገር የወጡት ወጣቶች ዛሬ 65ን፣ 70ን እያለፉ ነው። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም ያሉ አባቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ በዚያ የጭንቅ ዘመን ሲጋራ ይዘዋል፤ ሌሊት ታክሲ ሲነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ አጭሰዋል። በአሜሪካ ከ65 እስከ 75 ዓመት ውስጥ ያሉ፣ በዕድሜያቸው ሲጋራ አጭሰው የሚያውቁ ወንዶች አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንዲነሡ ይመከራል። ሜዲኬርም በሐኪም ከተላኩ ይከፍልላቸዋል። ግን ሐኪሙ ሲጋራ አጭሰህ ታውቃለህ ብሎ ሲጠይቅ አስተርጓሚዋ የራስህ ልጅ ስትሆን፣ እውነቱን መናገር ይከብዳል። ልጅ አባቱ ማጨሱን ላያውቅ ይችላል፤ አባትም ልጁ እንዳያውቅ 30 ዓመት ደክሟል። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ምርመራው ሳይታዘዝ ይቀራል። ይህ በየክሊኒኩ የሚሆን ነገር ነው ብዬ እፈራለሁ። በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጆች ለደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ።

ሌላም አለ። ይህ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል። የተገኘበት ሰው ወንድሞቹና እህቶቹ እንዲመረመሩ መንገር አለበት። እኛ ደግሞ ሕመም እንደብቃለን፤ ወንድሜን አላስጨንቀው፣ አገር ቤት ያሉት አይስሙ እንላለን። ሲያትል ያለው ወንድም ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚሰማው ከዓመት በኋላ፣ በሠርግ ላይ ነው። የእሱ ሆድ ግን እስከዚያ ድረስ አልጠበቀም ይሆናል።

ጋሼ ለወንድማቸው ደውለዋል። መጀመሪያ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አገር ቤት ተጫወቱ። ከዚያ፣ ልክ ስልኩ ሊዘጋ ሲል፣ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ሆድህን ያንሡህ አሉት። ለምን ሲላቸው ነገሩት።

ዓመት አልፎ ጋሼ እንደገና ያ ጠባብ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። መጋረጃው ተሳበ፣ ቅባቱ ቀዝቃዛ ነው። ባለሙያዋ መሣሪያዋን ከእምብርታቸው በላይ አሳርፋ ማያ ገጹን ወደ ራሷ አዞረች። ግራጫው ምስል ውስጥ ሁለት ክብ ነገሮች ጎን ለጎን ያበራሉ፤ የሱሪው እግሮች። ዙሪያቸውን ጥቁር ነገር ከቧቸዋል። ቀለም ስትጨምርበት በሁለቱ ክቦች ውስጥ ቀይ ብልጭ አለ፤ ከውጭ ምንም። ለካች፣ ደግማ ለካች። ዓምና 5.6 የነበረው 5.1 ሆኗል አለቻቸው። ጋሼ በወረቀት ሆዳቸውን ጠረጉ፣ ተነሥተው ሸሚዛቸውን ቆለፉ፣ የሚመለሱበት ቀን በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍላቸው ጠየቁ።